ከግርጌው የሚነበብ ቢል

አቶ ካሳዬ የተገኙት ሰኞ ጠዋት፣ ስትሪትሃም ባለው ቤታቸው፣ ከደረጃው ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ነው። ያገኟቸው ወይዘሮ ጌጤነሽ ናቸው። የካውንስል ታክስ ቢላቸውን፣ የአካባቢው አስተዳደር በየዓመቱ የሚልከውን የቤት ግብር ወረቀት፣ ሊወስዱ መጥተው በሩን ቢያንኳኩ መልስ የለም፤ ቢገፉት ተከፈተ። ለንደን ላይ በሩን ሳይቆልፍ የሚያድር ሰው ብዙም አይገኝም። አቶ ካሳዬ ደግሞ ቆልፈው ከወጡ በኋላ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተመልሰው እንደገና የሚፈትሹ ሰው ነበሩ።

ኢንስፔክተር ሚካል ዳኛቸው ስትደርስ የማርች ዝናብ ያካፋ ነበር። ሟቹን ታውቃቸዋለች። ልጅ ሆና ብሪክስተን ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ከሰንበት ትምህርት ስትወጣ ከኪሳቸው ከረሜላ ያወጡላት ነበር። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጓንቷን አጠለቀች።

ሳጅን ሳሚር ከአስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ማስታወሻውን ይጽፋል። «ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። አዳልጧቸው ነው እላለሁ» አላት።

ሐኪሙ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ደረጃ ሲወርድ ያዳለጠው ሰው እንዲህ አይወድቅም። እኚህ ሰው ፊታቸውን ወደ ላይኛው ክፍል አዙረው ነው በጀርባቸው የወረዱት። ግራ አንጓቸው ላይ ደግሞ የጣት ምልክት አለ። ሰው ይዟቸው ነበር።»

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ።»

ሚካል ወጥ ቤቱን አየች። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ወጥ ቤት ነው፤ ሳህኑ የሳምንት፣ ድስቱ የባሰ። ከዚያ ሁሉ ክምር መካከል ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ብቻ ጥርት ብለው ታጥበው ተደፍተዋል። የዕቃ ማጠቢያው ጨርቅ ተጨምቆ፣ ሦስት ቦታ ታጥፎ፣ ቧንቧው ላይ ተሰቅሏል። ሻይ የጠጣ እንግዳ ብርጭቆውን አጥቦ ሄዷል። ደግ እንግዳ ነበር ማለት ነው፣ ከደረጃው ሥር ያለውን ካላየን።

ደረጃውን ወጥታ የኋለኛውን ክፍል ከፈተች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል፤ የተሰጣበት ግን ወረቀት ነው። በልብስ መቆንጠጫ የተያዙ የካውንስል ታክስ ቢሎች እንደ ታጠበ ሸሚዝ ተንጠልጥለዋል፤ በየወረቀቱ ላይ በቀይ እርሳስ ተሰምሮበታል፣ ተከቦበታል። መቆንጠጫዎቹን ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። አሥራ ሦስቱ ቢል ይዘዋል። ከመጨረሻው ሦስተኛዋ የያዘችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ብቻ ነው። ቢሉን አንድ ሰው በኃይል መንጭቆ ወስዶታል።

ከመጀመሪያው ሁለተኛው ቢል ላይ ስትደርስ ቆመች። ስሙ ዳኛቸው ይላል፤ አድራሻው ብሪክስተን። የአባቷ ቢል ነው። «ብቻውን የሚኖር፣ የሃያ አምስት በመቶ ቅናሽ» በሚለው መስመር ጎን አቶ ካሳዬ በቀይ እርሳስ ትልቅ የጥያቄ ምልክት ሠርተዋል። ጥያቄው ልክ ነው። ሚካል ከባሏ ተለያይታ አባቷ ቤት ከገባች አሥራ አራት ወር ሆኗታል፤ አባቷ ደግሞ ለካውንስሉ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«እነዚህን ሁሉ ፎቶ አነሳለሁ» አለ ሳሚር ከኋላዋ ሲገባ። «ስምና አድራሻቸውን ዘርዝሬ ረቡዕ ጠዋት አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አደርሳለሁ።»

እጇ ሳታዘው ወደ መቆንጠጫዋ ተነስቶ ነበር። አንድ ቆንጠጥ፣ አንድ እጥፍ፣ ወደ ኪስ፤ ማን ያያል? ዝርዝሩ አለቃዋ ጋ ከደረሰ ጉዳዩን መነጠቋ የማይቀር ነው። ፖሊስ ሆና እንዲህ ያለ ውሸት ጥላ ሥር መኖሯ ደግሞ ሥራዋንም ሊያሳጣት ይችላል። እጇን መልሳ ጓንቷን አስተካከለች።

«አንሳቸው» አለችው።

*

ወይዘሮ ጌጤነሽ ከፖሊስ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ መሐረባቸውን እየጨመቁ ነበር። ሚካል አጠገባቸው ገባች።

«እትዬ ጌጤነሽ፣ ያ ሁሉ ቢል እሳቸው ጋ ምን ይሠራል?»

«አባትሽ አልነገረሽም እንዴ ልጄ? ካሳዬ እኮ ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቤት ግብር ሠራተኛ ነበሩ። እዚህ መጥተው ሠላሳ ዓመት ባቡር ነዱ፤ ጡረታ ሲወጡ ያ የድሮ አመላቸው ተነሳባቸው። ማርች ሲገባ ቢሉ ሲመጣ ሁላችንም ቸርች ይዘንላቸው እንመጣለን። ያነቡልናል።»

«እናንተ ማንበብ አቅቷችሁ?»

«እኛ የምናየው ስንት እንደሚከፈል ነዋ! እሳቸው ከግርጌው ነው የሚጀምሩት። ‹ገንዘቡን ሁሉም ያያል፤ ቀኑን ማንም አያይም› ይሉናል። ቤትሽ የትኛው ባንድ፣ የትኛው የዋጋ ደረጃ ውስጥ እንደገባ፣ እሱም ዛሬ ባለው ዋጋ ሳይሆን በፈረንጅ ዘጠና አንድ በነበረው መሆኑን፣ ብቻውን ለሚኖር ሩቡ እንደሚቀነስ፣ ሰው ከገባ ወይ ከወጣ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ሪፖርት ማድረግ ግዴታ እንደሆነ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ አራት ዓመት ሙሉውን ስከፍል ነበር፤ ማን ነገረኝ?»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ኧረ ምን ጠላት! የታመመ ሳይጠይቁ የማያድሩ ሰው! ባለፈው ራሱ፣ ፈረንጆቹ ገናቸውን ባከበሩ በአራተኛው ቀን፣ የዓይናዲስ ባል ወንድይራድ ጉንፋን ጣለው ሲባል፣ በዚያ ብርድ እኔን ጎትተው፣ ብርቱካን ተሸክመን ፊንስበሪ ፓርክ ድረስ ሄድን። ተኝቷል ተባልን፤ ብርቱካኑን በር ላይ ሰጥተን ተመለስን እንጂ።» ወይዘሮ ጌጤነሽ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠላት ካልሽ ግን… ጎረቤታቸው ቤንጃሚን አለ። አምና ተጣልተዋል። ‹አንድ ቀን ዋጋዎን ያገኛሉ› ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

*

ቤንጃሚን ትከሻው በሩን የሚሞላ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚካል መታወቂያዋን ስታሳየው ቀድሞ እጁን አነሳ።

«አውቃለሁ ለምን እንደመጣሽ። አዎ፣ ተናግሬያለሁ። ግን ሰምተሽ ፍረጂ። የኔና የሳቸው ቤት መንታ ነው። ካሳዬ የራሳቸው ባንድ ይቀነስልኝ ብለው አፕላይ አደረጉ። ገማቾቹ መጥተው ቢመለከቱ የሳቸው ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ የኔ ነው ዝቅ ብሎ የኖረው። የሳቸው ባለበት ቀረ፣ የኔ ከፍ አለ። እኔ ምን አደረግሁ? ቤቴ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ታክሴ ጨመረ!»

«ስለዚህ ተናደድክ።»

«አንቺስ ብትሆኚ? ‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች› አልኳቸው፤ ሌላም ብዙ አልኩ። ግን ሽማግሌ አልገፋም።»

«ትናንት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ። አውቶቡሱ ውስጥ ስድስት ካሜራ አለ፤ ቼክ አድርጊ።»

ሳሚር ከበሩ እንደራቁ «እሱ ነው» አለ። ሚካል ግን ሁለቱ ብርጭቆዎች ከዓይኗ አልጠፉም። ቤንጃሚን በሩን ሲከፍት በእጁ ይዞት የነበረው ኩባያ ከውስጥም ከውጭም ቡና የደረቀበት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ገድሎ ብርጭቆ አያጥብም። ማክሰኞ ጠዋት የአውቶቡሱ ምስል ደረሰ፤ ቤንጃሚን በተባለው ሰዓት መሪው ላይ ነበር።

*

የዚያኑ ማክሰኞ ሚካል ከብሪክስተን ባቡር ይዛ ወደ መሐል ከተማ ስትሄድ፣ ከበሩ በላይ ባለው የጣቢያዎች ዝርዝር ላይ ዓይኗ አረፈ። ብሪክስተን፣ ስቶክዌል፣ ቮክስሆል… ልጅ ሳለች በቃሏ የያዘችው ዝርዝር ነው። ድንገት ስልኳን አውጥታ የገመዱን ፎቶ ከፈተች። የመጀመሪያው ቢል ከመስመሩ መነሻ ወዲህ ካለው ከስትሪትሃም፣ ሁለተኛው ከመነሻው ከብሪክስተን፣ ሦስተኛው ከስቶክዌል… አቶ ካሳዬ ቢሎቹን የሰቀሉት ሠላሳ ዓመት በነዱት መስመር ቅደም ተከተል ነው። ከባዶዋ መቆንጠጫ በፊት ሃይበሪ አለ፤ ከኋላዋ ሰቨን ሲስተርስ። በሁለቱ መካከል አንድ ጣቢያ ብቻ ነው ያለው።

ወርዳ ወይዘሮ ጌጤነሽ ጋ ደወለች። «ከቸርቻችሁ ውስጥ ፊንስበሪ ፓርክ የራሱ ቤት ያለው ማነው?»

«ዓይናዲስና ወንድይራድ ናቸዋ። ሌላ ማን አለ?»

*

የወይዘሮ ዓይናዲስ ቤት ጫማ አውልቀው የሚገቡበት ዓይነት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቢሮ አጽድተው የገዙት ቤት ነው፤ የበሩ እጀታ ሳይቀር ያበራል። ሴትዮዋ ስድሳ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ቀጠን ያሉ ናቸው፣ ክንዳቸው ግን የወንድ ክንድ ይመስላል።

«የካሳዬን ነገር ሰምቼ እህል አልቀመስኩም» አሉ። «ጌታ ነፍሱን በቀኙ ያኑር። ግቢ የኔ ልጅ።»

«ቢልዎ እሳቸው ጋ ነበር?»

«ነበር። ቅዳሜ ወሰድኩት፤ ከፈልኩ፣ ጣልኩት። ምን አስቀምጠዋለሁ?»

«እሑድ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ከቸርች እንደወጣሁ እዚሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከወንድይራድ ጋር በስልክ እያወራን ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ! እናቱ ታመውበት ነው አገር ቤት የሄደው፤ ጃንዋሪ ሦስት ቀን በረረ። ለመንገዱ ቸርች ውስጥ ተጸልዮለታል። ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል።»

«ቁጥራቸውን ይሰጡኛል?»

ሳያመነቱ ሰጧት። ሚካል ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል።

«ገጠር ነው» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ። «ሲፈልገው ይሠራል፣ ሲፈልገው የለም።»

ሻይ አምጥተውላት ጠጣች። ብርጭቆዋን እንዳስቀመጠች አንስተው ገቡ፤ የውሃ ድምፅ ተሰማ። ሚካል ተከትላቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ብርጭቆውን አጥበው ደፉ። ጨርቁን ጨመቁ። አንዴ አጠፉት፣ ሁለተኛ አጠፉት፣ ሦስት እጥፍ አድርገው ቧንቧው ላይ ሰቀሉት። አቶ ካሳዬ ቤት ቧንቧው ላይ ያየችው ጨርቅም ልክ እንዲህ ታጥፎ ነበር። ጨርቅ ማጠፍ ወንጀል አይደለም፤ ለንደን ውስጥ ቢሮ ያጸዳ ሰው ሁሉ እንዲህ ያጥፍ ይሆናል።

በመስኮቱ የጓሮው አትክልት ቦታ ይታያል። ሣሩ መሐል አልጋ የምታህል መደብ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ተደልድሎ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተከብቧል። መስኮቱ ሥር አንዲት ወንበር ፊቷን ወደ መደቡ አዙራ ተቀምጣለች።

«ምን ሊዘሩበት ነው?»

«ጎመን። ሲሞቅ።»

«በዚያ ሁሉ ብርድ ቆፈሩት?»

«ሥራ መፍታት አልወድም» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ፣ ዓይናቸውን ከመደቡ ሳያነሱ።

*

ረቡዕ ማለዳ ሚካል ሳትተኛ አንግታ ወጥ ቤት ስትገባ አባቷ ገንፎውን እያማሰለ ነበር። ከበሩ አጠገብ የጫማ መደርደሪያው ላይ ባሏ ለጥየቃ ሲመጣ ያደርገው የነበረው የቤት ነጠላ ጫማ እንደ ወትሮው ተቀምጧል። ለምን እንዳልተጣለ ጠይቃ አታውቅም።

«አባዬ፣ ጋሽ ካሳዬ ቢልህ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል።»

ማማሰያው ቆመ።

«እንዴት ለካውንስሉ ሳትናገር አሥራ አራት ወር ትቀመጣለህ? እኔ ፖሊስ ነኝ! ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ስምህን ታየዋለች። ለዚያች ሩብ ቅናሽ ብለህ እንጀራዬን?»

«ለቅናሹ መሰለሽ?» አለ አባቷ። ዞር ብሎ አላያትም። «ካሳዬም እንዲሁ ነው ያለኝ። ፎርሙን ሦስት ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ‹የገባው ሰው ስም፣ የገባበት ቀን› ይላል። ስምሽን ከጻፍኩ እኮ ትዳርሽ አለቀ ማለት ነው። ዛሬ ትታረቃለች፣ ነገ ትመለሳለች እያልኩ… ሰው ተስፋ እያለው በልጁ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ይፈርማል?»

ሚካል ገንፎው እንዳያርር ምድጃውን አጠፋች። አባቷ ከአሥራ አራት ወር በኋላ እንኳ ተስፋውን ወረቀት ላይ መዝጋት አልቻለም። ታዲያ ባሏ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል የምትል ሚስት ለካውንስሉ ምን ትለዋለች? ምንም። ዝም ብላ ትጠብቃለች። አይመለስም ብላ ቀድማ የጻፈች እንደሆነ ግን፣ አለመመለሱን ታውቃለች ማለት ነው።

ስልኳን አንስታ ሳሚር ጋ ደወለች። «ለካውንስሉ አስቸኳይ ጥያቄ ላክልኝ። እዚያ ፊንስበሪ ፓርክ ያለው ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል ተብሎ ነው የተመዘገበው? ከስንት ቀን ጀምሮ? ማን ነው ያሳወቀው?»

ከዚያ ኮቷን ደርባ በቀጥታ አለቃዋ ቢሮ ገባች፤ ዝርዝሩ ሳይደርስ በራሷ አንደበት ተናገረች። አለቃዋ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«የሥነ ምግባር ክፍል ጉዳይሽን ያየዋል፤ እኔ ልረዳሽ አልችልም» አለቻት። «ምርመራውን ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሳሚር ይመራዋል። አንቺ ያወቅሽውን ታስረክቢዋለሽ። እስከ ዛሬ ማታ አብረሽው ሁኚ፤ ከዚያ ወደ ቤትሽ።»

ሚካል ስትወጣ ሳሚር ኮሪደሩ ላይ ወረቀት ይዞ ቆሞ ነበር። የነገረችውን የሰማ ይመስላል፤ ዓይኑን ሰበር አደረገ። ወረቀቱን ግን ሰጣት። ከካውንስሉ የመጣ መልስ ነው። ነዋሪ፦ አንድ ሰው። የሃያ አምስት በመቶ ቅናሽ የሚጀምረው፦ ዲሴምበር ሃያ ሰባት። ያሳወቀችው፦ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዓይናዲስ፣ ጃንዋሪ አሥራ አራት ቀን። ሃያ አንዱ ቀን ሳይሞላ፣ ልክ እንደተማሩት።

«ጃንዋሪ ሦስት ነው የበረረው አላሉም?» አለ ሳሚር።

«ዲሴምበር ሃያ ዘጠኝ ደግሞ ጋሽ ካሳዬና እትዬ ጌጤነሽ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት ሄደው ነበር» አለች ሚካል። «ተኝቷል ተባሉ። ካውንስሉ ግን በዚያ ቤት ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ሌላ ሰው የለም ይላል።»

*

ወይዘሮ ዓይናዲስ በሩን ሲከፍቱ ከሚካልና ከሳሚር ኋላ አካፋ የያዙ ሰዎች አዩ። አልደነገጡም። መንገዱን ለቀው «ጫማችሁን አውልቁ» ብቻ አሉ። ማንም አላወለቀም።

ሳሚር ሕጉ የሚያዘውን ማስጠንቀቂያ ነገራቸው። ሚካል በአማርኛ ደገመችላቸው፤ ከዚያ የካውንስሉን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገችው፣ ጣቷንም ከግርጌው፣ ቀኑ ላይ።

«ቢሉን ለጋሽ ካሳዬ ሲሰጡ ከግርጌው ያለችውን ይቺን ቀን አላዩዋትም?»

ወይዘሮ ዓይናዲስ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። «ስንት እንደምከፍል ነው ያየሁት» አሉ።

«እሳቸው ግን አዩ።»

«እሑድ ከቸርች ስንወጣ ‹ነይ ስለ ቢልሽ እናውራ› አለኝ። ሻይ አፈላልኝ። ደግ ሰው ነበር። ላይ ወጣን፤ ወረቀቱን እያሳየኝ ‹ዓይናዲስ፣ ያን ቀን ብርቱካን ይዘን ስንመጣ ተኝቶ የነበረው ማነው?› አለኝ። አልተቆጣም። ‹አብረን ሄደን እንናገር፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ› ነው ያለኝ።» ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዩዋቸው። «ወረቀቱን ልወስድበት ብቻ ነበር። ሳብኩት። አልለቅ አለኝ፤ አንጓውን ይዤው እየተጓተትን ደረጃው አፍ ደረስን። ያኔ ገፋሁት።»

«ብርጭቆዎቹንም አጠቡ።»

«የጠጣሁበትን ሳላጥብ ከሰው ቤት ወጥቼ አላውቅም።»

«ወንድይራድስ?»

ከጓሮው የመጀመሪያው የአካፋ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ዓይናዲስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የሽያጭ ወረቀት ይዞ መጣ። ቤቱን ሸጠን አገር ቤት እንግባ ይላል። በስሙም ነው፤ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሌሊት እየተነሳሁ የሰው መጸዳጃ የጠረግሁት እኔ ነኝ! ያን ወረቀትም ልነጥቀው ነው የታገልኩት። እዚሁ ደረጃ ላይ።»

«አምቡላንስ ለምን አልጠሩም?»

«ያኔውኑ ነው ያለፈው። ጸለይኩ። ቢነሳ ብዬ እስኪመሽ ጸለይኩ። ከዚያ ቤቱን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ሦስት ቀን ቆፈርኩ።»

ሚካል መጠየቅ አልነበረባትም፤ ለምርመራው የቀረ ነገር የለም። ግን አላስቻላትም።

«ለቸርች ዋሹ፣ ለጎረቤት ዋሹ፣ እኔን ከሞተ ሰው ጋር አንድ ሰዓት አወራሁ አሉኝ። ለካውንስሉ ብቻ ትክክለኛውን ቀን ለምን ጻፉ?»

ወይዘሮ ዓይናዲስ ዓይናቸውን ገልጠው በመገረም አዩዋት፤ ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ የሆነባቸው ይመስላል።

«ፎርሙ እኮ ከታች እውነት መሆኑን አረጋግጡ ይላል። ለካውንስል መዋሸት ወንጀል ነው የኔ ልጅ። ካሳዬ ነው ያስተማረን።»

ጓሮው ውስጥ አካፋው ቆመ። አንድ ሰው ወደ መስኮቱ ዞሮ እጁን አነሳ። ሳሚር ወይዘሮ ዓይናዲስን ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው በጭቃ ጫማ የተረገጠውን ወለል አዩት፤ ያን ጊዜ ብቻ አለቀሱ።

*

ሚካል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብሪክስተን ገባች። መታወቂያዋን አስረክባለች፤ ይመለስ አይመለስ የሚታወቀው ከሥነ ምግባር ክፍሉ ውሳኔ በኋላ ነው። አባቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ መነጽሩን አድርጎ ጠበቃት። ፎርሙ ፊቱ ላይ ተከፍቷል። ስሟን ጽፏል። ቀኑን ባዶ ትቶታል።

«እኔ አልቻልኩም» አላት።

አጠገቡ ተቀመጠች። የዛሬ አሥራ አራት ወር፣ ጃንዋሪ ዘጠኝ፣ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች ደረጃውን የወጣችበትን ቀን ታስታውሰዋለች። ፌብሩዋሪ ብትል ወይም ባለፈው ወር ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ምስክሩ ያው አባቷ ነው። ጃንዋሪ ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ከታች «ከላይ የሞላሁት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል አለ። የወይዘሮ ዓይናዲስ ፊት መጣባት።

«የምትፈርመው አንተ ነህ» አለች፣ ላፕቶፑን ወደሱ እየገፋች።

«በቃ?» አላት አባቷ።

«በቃ አባዬ።»

ተጫነው። ማመልከቻዎ ደርሶናል የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ። አባቷ ትንሽ ጊዜ ተመለከተውና መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፤ በሩ ጋ ሄደና ጎንበስ ብሎ የባሏን ነጠላ ጫማ ከመደርደሪያው አነሳ። አቧራውን በእጁ ጠራርጎ በፌስታል ከተተው፤ አፉን አሰረና ይዞት ወጣ።